ፈታይዋ የምታውቀውን ማን ይማረው?

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ተነሥቶ ባሕር ዳር የሚገባ የጨርቃ ጨርቅ ተማሪ ቀድሞ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ የክር ቁጥር ነው። በእንግሊዞቹ አቆጣጠር፣ እያንዳንዱ 840 ያርድ የሚረዝም ስንት ጥቅል ክር አንድ ፓውንድ እንደሚመዝን ይቆጠራል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ክሩ ይቀጥናል። ያው ተማሪ ልጅ ሳለ እናቱ ክሩን በሁለት ጣቶቿ ዳብሳ ይህ ለጋቢ፣ ይህ ለነጠላ እያለች ስትለይ አይቶ አድጓል። ፈተና ላይ የሚጠየቀው ግን ስለ 840 ያርዱ ብቻ ነው።

በገበዘ ማርያም፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባለው ገጠር መፍተል ዛሬም ከብዙ እናቶች እጅ አልወጣም። ጥጡ ከቆላ ይመጣል። ፍሬው በመዳመጫ ይወጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶው ተጠቅልሎ አመልማሎ ይሆናል። ከዚያ አንዱ እጅ እንዝርቱን ጭን ላይ አሹሮ ይለቀዋል፣ ሌላው አመልማሎውን ወደ ላይ ይስባል። ክሩ ምን ያህል መክረር እንዳለበት የምትወስነው ፈታይዋ ናት። ካነሰ ይበጠሳል፤ ከበዛ ይጠማዘዛል፣ ጨርቁም ሰውነት ላይ ይሻክራል። ኢንጂነሩ ይህንኑ በመሣሪያ ለክቶ በኢንች ስንት ጊዜ እንደከረረ በቁጥር ይጽፈዋል። የሁለቱም እውቀት ያው ነው፤ ተገናኝተው ግን አይነጋገሩም።

ይህም ምክንያት አለው። ትምህርቱ ሲጀመር ጀምሮ ፊቱን ወደ ፋብሪካ ያዞረ ነበር። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ተገንብቶ እ.ኤ.አ. በ1961 ተመረቀ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በሶቭየት ኅብረት ድጋፍ የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ተከፈተ፤ ጨርቃ ጨርቅም ከሙያ ዘርፎቹ አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2000 ፖሊ ቴክኒኩና በከተማው የነበረው የመምህራን ኮሌጅ ተዋሕደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ፤ ዘርፉም አድጎ ዛሬ ኢቴክስ የሚባለው የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆነ። ጨርቃ ጨርቅ፣ ጋርመንት፣ ሌዘርና ፋሽን ዲዛይን በአንድ ግቢ ይሰጣሉ። ለአንድ ትልቅ ፋብሪካ ቴክኒሻን ማፍራት ያኔ ተገቢ ዓላማ ነበር። ጉዳቱ የመጣው፣ የሸማኔው ጉድጓድ ከትምህርት ውጭ ያለ ነገር ተደርጎ በዚያው በመቅረቱ ነው።

ሌላም የቆየ ቁስል አለ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ ሲያውጁ ከተሰዳቢዎቹ መካከል ሸማኔውም ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም፣ ልጁ ጨርቃ ጨርቅ ሲደርሰው ደስታውን ለጎረቤት ከመናገሩ በፊት የሚያመነታ አባት አይጠፋም። ሕክምና ወይም ሲቪል ምሕንድስና ቢሆን ማን ያመነታል? ተማሪውም ይህን እፍረት ይዞ ግቢ ይገባል፣ የቤቱንም እውቀት ደብቆ ይማራል።

የተደበቀው ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ጥለት ሲሠራ ያየ ያውቀዋል። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ መርገጫውን ይረግጣል፤ ጥለቱ ጋ ሲደርስ መወርወሪያውን ያስቀምጥና ድሩን በጣቱ እየቆጠረ ያነሣል። ሦስት አንሥቶ፣ ሁለት ዘሎ፣ ቀዩን የሳባ ክር ያሳልፋል፤ አንድ ማግ ጨምሮ ያጠብቃል፤ ቀጥሎ ቆጠራውን በአንድ ያሸሻል። መስቀሉ ወይም አልማዙ እንዲህ መስመር በመስመር ይወጣል። ፈረንሳዊው ዣካር እ.ኤ.አ. በ1800ዎቹ መጀመሪያ እንዲህ ያለውን ቆጠራ በተበሳ ካርድ ላይ አስፍሮ ለማሽን ሰጠው፤ ተማሪውም ዛሬ ስለ እሱ ይማራል፣ በኮምፒውተርም ንድፍ ይሠራል። መማሩ መልካም ነው። ነገር ግን ካርድም ስክሪንም ሳይኖረው ንድፉን በሙሉ በጭንቅላቱ የያዘ ባለሙያ ሰፈሩ ውስጥ እያለ፣ አንድ ቀን እንኳ አጠገቡ ቁጭ ብሎ በካሬ ወረቀት ሳይገለብጥ የሚመረቅ ዲዛይነር ብዙ ነገር ቀርቶበታል።

ከምረቃ በኋላ ያለው መንገድም ይህንኑ ክፍተት ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2016 የሐዋሳ፣ በ2017 የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርኮች ሲመረቁ ብዙ ተመራቂ ተስፋ አደረገ። ሥራ ተገኘ፤ የዲዛይን ሥራ ግን እምብዛም። ንድፉ ከውጭ ገዥ ተዘጋጅቶ ይመጣል፣ እዚህ ይቆረጣል፣ ይሰፋል፣ ይላካል። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ስትታገድ፣ በሌላ አገር ትእዛዝ ላይ ብቻ የቆመ ሙያ ምን ያህል እንደሚናወጥ ሁሉም አየ።

በዚያው ልክ የአገር ቤቱ ገበያ በሌሎች እጅ እየገባ ነው። ጥለት የታተመበት፣ በቅናሽ የሚሸጥ ከውጭ የሚገባ ጨርቅ የሐበሻ ቀሚስ ሆኖ ይለበሳል። ንድፉ ከዚህ ተወስዶ ለሸማኔው ምንም ሳይከፈለው ተመልሶ ይሸጣል። የሚገርመው ሌላው ነገር፣ በቤተ ሙከራ ጉድለት ተብሎ የሚመዘገበው የእጅ ፈትል ወጣ ገባነት በዓለም ገበያ የሚፈለግ መሆኑ ነው፤ ዘመናዊ ፋብሪካዎች ክሩን ሆን ብለው አንዴ ወፈር አንዴ ቀጠን የሚያደርግ ማሽን ይተክላሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው ሳባሃር የተባለ ድርጅት በእጅ የተፈተለና በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ወደ ውጭ ሲልክ ገዥ አላጣም።

ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ባሉበት በምዕራብ ጎጃም ደግሞ ወጣቶች ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በጦርነት መካከል ይኖራሉ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ፈተና ያመለጠው ልጅ ብዙ ነው። እንዝርቱና መወርወሪያው ግን ትምህርት ቤት በተዘጋበት ቀበሌም አሉ። ስለዚህ ፈታይዋ የምታውቀውን ማን ይማረው የሚለው ጥያቄ ዩኒቨርሲቲ የደረሰውን ተማሪ ብቻ አይመለከትም።

የመመረቂያ ሥራውን የሚጀምር የቡሬ ልጅ ከአንድ ሸማኔ ጋር አንድ ክረምት ቢያሳልፍ ሊሠራው የሚችለው ብዙ ነው። የአካባቢውን ጥለቶች ቆጠራቸውን ይመዘግባል፤ የሳባው ቀለም ስንት እጥበት እንደሚችል ይፈትሻል፤ የፈታዮቹን ክር ለክቶ ለየትኛው ልብስ እንደሚስማማ ይጽፋል፤ ከተቻለም የሸማኔውን ወገብና ጉልበት የሚያሳርፍ መቀመጫ ይሞክራል። ሥራው ሲቀርብ የሸማኔውና የፈታይዋ ስም ከተማሪው ስም ጎን ይጻፍ፤ ንድፉ ከተሸጠም ድርሻቸው አስቀድሞ በውል ይታወቅ።