እናቴና የመስኮቱ ወንበር

እናቴ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ስትበር ውኃ አትጠጣም። ከጠጣች ሽንት ቤት መሄድ አለ፤ ለመሄድ ደግሞ አጠገቧ የተኙትን ሁለት ሰዎች መቀስቀስ ይኖርባታል። «ምን ብዬ ነው የሰው ልጅ ከእንቅልፉ የማስነሳው?» ትላለች። ነጠላዋን ተከናንባ እስኪነጋ ቁጭ! አዲስ አበባ ስትደርስ እግሯ አብጦ ጫማው እምቢ ይላታል።

እብጠቱስ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላው ነው። ደምን ከእግር ወደ ላይ የሚገፋው የባት ጡንቻ ነው። እሱ ሥራ ሲፈታ ደም በጥልቁ ደም ሥር ውስጥ ሊረጋ ይችላል፤ የረጋው ተነቅሎ ሳንባ ከገባ ደግሞ ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ጥናት፣ 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ተቀምጦ መጓዝ አደጋውን በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። (አውቶቡስም ያው ነው።) ለጤነኛ ሰው ዕድሉ ከ6,000 አንድ ያህል ስለሆነ ጉዞ አትሰርዙ። ግን ቁመታቸው ከ1.60 ሜትር በታች የሆኑ ሰዎች የበለጠ ይጋለጣሉ ይላል ጥናቱ። እናቴን አሰብኳት፦ እግሯ ወለል አይነካም፣ የወንበሩ ጠርዝ ከጉልበቷ ሥር ይጫናታል።

ወንበሩን ካነሳን፣ የአሜሪካ ኮንግረስ በ2018 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት ዝቅተኛውን የአውሮፕላን ወንበር ስፋት በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲወስን አዝዞ ነበር። ቀነ ገደቡ ዝም ብሎ አለፈ።

ባለፈው ተጨማሪ ከፍዬ የመተላለፊያውን ዳር ወንበር ገዛሁላት። ልጅ ለያዘች ሴት ለቀቀችላትና መስኮቱ ጋ ገባች።