ፋሲካ የሌለው ጾም

የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ የመጣችው በ2012 ዓ.ም. ጥር 21፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት ነው። ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ሄደን የተቀበልናት እኔና ታናሽ ወንድሟ ነን። ሰው በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ይለወጣል፤ ይሸብታል፣ ይወፍራል፣ መነጽር ያደርጋል። እሷ ግን የተለወጠችው በተቃራኒው ነበር። በየዓመቱ በምትልካቸው ፎቶግራፎች ላይ እየሰፋች ስትሄድ ያየናት ልጅ ሻንጣዋን እየጎተተች ስትመጣ፣ ወንድሟ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ሌላ ሰው ይፈልግ ነበር። «እንዴ! እኔን ነው ያጣኸኝ?» ባትለው ኖሮ እናሳልፋት ነበር።

ዳንግላ ስንደርስ አክስቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ለእልልታ የከፈተችው አፏ ለልቅሶ ሆነ። «ልጄን! ልጄን ምን አደረጉብኝ!» ጎረቤቱ ተሰበሰበ። በ1990ዎቹ ከሲታ ሰው ስናይ ምን እንጠረጥር እንደነበር የዚያ ዘመን ሰው ያውቀዋል። ያ ጥርጣሬ ከሰፈር አልወጣም ኖሯል፣ አንዷ ጎረቤት ጠጋ ብላ «ለመሆኑ ምርመራ አድርጋለች?» አለችኝ። «ሁሉንም አድርጋለች» አልኳት። ምን እንዳደረገች ግን እኔም ገና አላወቅሁም።

ያን ዕለት ቤቱ በዶሮ ወጥ ታጥኗል። እንግዳችን ሁለት ማንኪያ የሚያህል ቀምሳ ተወችው። «የመንገድ ድካም ነው» ተባለና ታለፈ። ማታ ሰው ሲበተን ግን ለእናቷ፣ ለወንድሟና ለእኔ ነገሩን አንድ በአንድ ነገረችን።

ክብደቷ 128 ኪሎ ደርሶ ነበር። ስኳሩም፣ ደም ግፊቱም፣ የጉልበቷ ሕመምም ተባብረው ያዟት። ያልሞከረችው የአመጋገብ ዘዴ አልነበረም፤ አሥር ኪሎ ትቀንሳለች፣ አሥራ ሦስት ትጨምራለች። በመጨረሻ፣ ወደ አገሯ ከመምጣቷ አሥራ አራት ወር በፊት፣ በቀዶ ሕክምና ጨጓራዋን አስቀነሰች። ሐኪሞቹ ከጨጓራ ከአምስት እጅ አራቱን ያህል ቆርጠው ያወጡታል፤ የሚቀረው እንደ ሙዝ የጠበበ ቱቦ ነው። የተቆረጠው ክፍል የረሃብን መልእክት ለአንጎል የሚያደርሰው ሆርሞን በብዛት የሚመነጭበት ነው። ግሬሊን ይሉታል፤ የጃፓን ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. ነው ያገኙት። ስለዚህ ረሃቡም ይቀንሳል።

አክስቴ ይህን ሁሉ ዝም ብላ ሰማችና «የቆረጡትንስ ምን አደረጉት?» አለች። ልጅቷ ሳቀች። እናትየው ግን የምሯን ነበር።

ከዚያ የአበላሉ ሕግ መጣ። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ያህል ፈሳሽ ብቻ፤ ቀጥሎ የተፈጨ፤ ቀጥሎ ለስላሳ፤ ከወር በላይ ቆይቶ ነው ደህና ምግብ የሚቀመሰው። ያም ቢሆን በልክ ነው። ሥጋው፣ እንቁላሉ፣ ወይም ምስሩ ይቀድማል፤ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን መሟላት አለበት። ቀጥሎ አትክልቱ፤ ቦታ ከተረፈ እንጀራው። እያንዳንዱ ጉርሻ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ይታኘካል። ከምግብ ጋር ውሃ አይጠጣም፤ ከበሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። ለስላሳ መጠጥ የለም። ጠላውም አረቄውም ቶሎ ራስ ላይ ይወጣል። ቫይታሚኑ፣ ካልሲየሙ፣ ብረቱ በየቀኑ ይዋጣል።

«ይህ እስከ መቼ ነው?» አለች አክስቴ።

«እስከ ዕድሜ ልኬ፣ እማ።»

አክስቴ ተነሥታ እሳቱን አዳፈነች። ሌላ ነገር አልተናገረችም።

በማግስቱ ዓርብ ስለነበር ተገላገልን። ጾም ነው፤ ማንም ማንንም አያስጨንቅም። ችግሩ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ጥር 23 ሆነ። ጥር 23 በአዊ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኛ እንጅባራ ላይ የሚሰበሰብበት ቀን ነው። ፈረሶቹ ተሸላልመው፣ ሽማግሌው ከጎረምሳው እኩል ኮርቻ ላይ ተቀምጦ፣ አባቶች በዓድዋና በአርበኝነቱ ዘመን በፈረስ የሠሩት ሥራ የሚታሰብበት በዓል ነው። እሷም ከዚያ ሁሉ አገር የመጣችው ይህንን ለማየት ነበር። አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን እንጅባራ ገባን፣ ሜዳው ላይ ቆመን ጉግሱን አየን፣ እሷም እንደ ልጅነቷ ጮኸች። ከዚያ ለምሳ ዘመድ ቤት ሄድን።

ሠላሳ ሰው የሚሆን ተቀምጧል። ጥሬው፣ ጥብሱ፣ ድንቹ፣ ጠላው ሁሉም አለ። ልጅቷ ትንሽ ሰሃን ለምና ሥጋ ቆረስ ቆረስ አድርጋ እያላመጠች ነው። የቤቱ እመቤት አየቻት። «ምነዋ አንች! ቤታችንን ናቅሽው?» አለች። «ኧረ እየበላሁ ነው» ስትል፣ «ይኼ መብላት ነው? በሞቴ!» መጣ። «በሞቴ» አንዴ ከተባለ እንግዲህ ነገሩ የምግብ መሆኑ ይቀራል። የሌላውም ሰው ዓይን ወደ እኛ ዞረ። ፈረንጅ አገር ሄዳ ኮራች የሚል ዓይን ነው።

እኔ አጠገቧ ነኝ። ሁሉንም አውቃለሁ። ከሁለት ቀን በፊት ማታ ከራሷ አፍ ሰምቻለሁ። ግን የሰው ዓይን ከበደኝና፣ በመሐል ገብቼ ነገሩን ላበርድ አሰብኩ። ከእንጀራው ቆርሼ፣ በወጡ አጥቅሼ፣ ትንሽ ጉርሻ ጠቀለልኩ። «ይቺን ብቻ። በእኔ ሞት» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና አፏን ከፈተች።

የከፈትኩት በር ነበር። ከእኔ የተቀበለችውን ከእመቤቲቱ እንዴት እምቢ ትበል? «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ተብሎ የእመቤቲቱ ሁለተኛ መጣ፤ ሦስተኛውን ማን እንዳጎረሳት አላየሁም። ብቻ ተነሥታ ወጣች። ተከትያት ስወጣ ከጓሮው አጥር ሥር ተንበርክካ ትታገላለች። ነጠላዋን ያዝኩላት። ላብ አጠመቃት። ውስጥ ጭብጨባና ሳቅ ይሰማል።

ያን ሌሊት እዚያው እንጅባራ አደርን። የእንጅባራ ብርድ ብርድ ነው፤ ብርድ ልብስ ደርበንላት ምድጃ አጠገብ ተኛች። እኩለ ሌሊት ሲሆን ሕመሙ ጋብ አለላት።

«ጋሼ፣ አንተ እኮ ታውቅ ነበር» አለችኝ።

ምን ይባላል? ምንም አላልኩም።

ትንሽ ቆይታ ራሷ ቀጠለች። ሰው ሁሉ ቀላሉን መንገድ እንደ መረጠች እንደሚያስብ፣ ቢላዋ ተኝተው የሚበሉት እንጂ የሚሠሩበት ነገር እንደማይመስለው ነገረችኝ። «ረሃቡን ቀነሱልኝ፤ አምሮቱን ግን አልነኩትም። የተቆረጠው ሆዴ ነው፤ ዓይኔና እጄ እንዳሉ ናቸው። እናቴ ሽሮ ስታንተከትክ ሽታው ያው ሽታው ነው።» ሐኪሞቹ ትልቁ ፈተና ከሁለት ዓመት በኋላ ነው ብለዋታል። ትንሹ ጨጓራ ቀስ እያለ ይለጠጣል፣ የድሮው ልማድ ይመለሳል፣ ክብደቱም ተከትሎ ይመጣል። ስለዚህ በየገበታው፣ በየቀኑ፣ ሰው ፊትም ብቻዋንም መቁጠር አለባት። «ልጅ ሆነን ሁዳዴን ስንጾም ፋሲካን እያሰብን ነበር የምንችለው፤ ትዝ ይልሃል? የእኔ ጾም ፋሲካ የለውም ጋሼ።»

እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ማሰብ ጀመርኩ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን «በላ» የሚለውን ግስ በስንት መንገድ እንደምንጠቀምበት እንዲዘረዝሩ አዛቸው ነበር። ጉቦ ይበላል፣ ዕቁብ ይበላል፣ ርስት ይበላል፣ ዕድሜ ይበላል፣ ሰው ቃሉን ይበላል። መተዳደሪያችን «እንጀራ» ነው። ዝርዝሩ ሰሌዳውን ይሞላ ነበር። «አልበላም» ማለት ምን እንደሆነ ግን ጠይቄያቸው አላውቅም። በእኛ አገር «አልበላም» ሆድ ስለሞላ ብቻ የሚነገር ቃል አይደለም። የተጣላ ሰው የጠላቱን እህል አይቀምስም። ለእርቅ የመጣ ሽማግሌ «እሺ ካላላችሁን እህል ውሃችሁን አንነካም» ይላል። ስለዚህ አንዲት ሴት ገበታ ላይ ተቀምጣ «ይበቃኛል» ስትል፣ እኛ የምንሰማው «ተጣልቻችኋለሁ» ሆኖ ነው። እመቤቲቱ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ያስከፋት ሥጋው መትረፉ ሳይሆን ፍቅሯ የተመለሰባት መምሰሉ ነው።

ደግሞም ሰው የሚፈራው ያየውን ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በወሊድ ዕድሜ ላይ ካሉ መቶ ኢትዮጵያውያት ውስጥ ሃያ ሁለቱ ከልክ በታች ቀጭን፣ ስምንቱ ብቻ ከልክ በላይ ወፍራም ነበሩ። በ2000 እ.ኤ.አ. የወፍራሞቹ ቁጥር ሦስት ነበር። ቁጥሩ እያደገ ነው፤ ቢሆንም ክሳት ይበልጥ በሚታወቅበት አገር «ልክስ ብዬ ሆዴን አስቆረጥኩ» የሚል ሰው እንደ ጤነኛ አይታይም። «ተመችቶታል» የምንለው የወፈረውን ነው።

ግን እኮ መከልከልን የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም! የቤተ ክርስቲያናችን አጽዋማት ሰባት ናቸው፤ ሁሉንም ለሚጾም ካህን ቀኑ በዓመት እስከ 250 ይደርሳል። «ጾም ነኝ» ያለውን ሰው ማን «በሞቴ» ብሎት ያውቃል? አራስ የምትበላውና የማትበላው ለብቻው ነው፤ ማንም አይቀየማትም። ጠበል የገባ ሰው የሚቀምሰው ይታወቃል። ያደርንባት ከተማ እንኳ የድሮ ስሟ ኮሶበር ነው። ኮሶ የሚጠጣ ሰው ሆዱን ባዶ አድርጎ ያድራል፣ ጠጥቶ ቤቱ ይውላል፣ ማንም አይጠራውም። እንዲያውም ትልልቆቹ ሰዎች እንግዳ ሲሰለቻቸው «ኮሶ ጠጥተዋል» ያሰኙ እንደነበር ይነገራል። ጠረጴዛችን ለእምቢታ ቦታ አለው ማለት ነው፤ ስም ያለው እምቢታ እስከሆነ ድረስ። የአክስቴ ልጅ እምቢታ ግን ስም አልነበረውም።

ስም ያወጣችለት አክስቴ ናት።

ዳንግላ ተመልሰን ሳለ ሰኞ የካቲት 2 የነነዌ ጾም ገባ። አሁን ነገሩ ተገለበጠ። ሁሉም ሰው ሲጾም፣ ያቺ ልጅ እንቁላሏን መብላት አለባት፤ ካልበላች የጡንቻዋ አቅም ይወርዳል፣ ጸጉሯ ይረግፋል። በሽሮና በምስር ብቻ ያንን 60 ግራም ልሙላ ብትል ሽሮው ብቻውን ሆዷን ይሞላዋል። አክስቴ የነፍስ አባቷን አስጠርታ አማከረች። እሳቸውም ለታመመ ሰው ምግቡ መድኃኒቱ ነው፣ ጾም በሕመምተኛ ላይ አይጸናም ብለው አሰናበቷት።

በዕድሜዋ ሙሉ በነነዌ እንቁላል ቀቅላ የማታውቅ ሴት፣ ማልዳ ተነሥታ አንድ እንቁላል ቀቀለች። ላጠችው። በቡና ስኒ ማስቀመጫ ላይ፣ ከትንሽ ጎመን ጋር አድርጋ ለልጇ አቀረበች። ጎረቤቶች ቡና ሊጠጡ መጥተው ነበርና እንቁላሉን አይተው ዝም አሉ። በዳንግላ እንዲህ ያለ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ አክስቴ ታውቃለች።

«ምን ታያላችሁ?» አለች፣ ረከቦቱን እያስተካከለች። «ይች ልጅ የሐኪም ጾም ላይ ናት። የእኛ ሦስት ቀን ነው። የሷ ዕድሜ ልክ ነው።»

አንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ከዚያ በዕድሜ ትልቋ ጎረቤት፣ ያቺው ስለ ምርመራ የጠየቀችኝ፣ ወደ ልጅቷ ዞር ብላ «እንግዲያስ ያስፈጽምሽ ልጄ» አለች። ሌሎቹም ተቀበሏት፤ «ያስፈጽምሽ፣ ያስፈጽምሽ።» ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ሰፈር ማንም አንድ ጉርሻ አላስቸገራትም። የአንዷ ቤት ትንሽ ሰሃን ለብቻ ተቀምጦላት ሁሉ አይቻለሁ።

ልጅቷ በዚያው በየካቲት ተመለሰች። ዓለም በሽታ ገባበት፣ አገራችንም ጦርነት፤ ዳግመኛ መምጣት አልቻለችም። በመካከሉ ዘመን ተለውጧል። ለዚሁ ቀዶ ሕክምና ሰው ኢስታንቡል ድረስ ይሄዳል፤ ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ አምሮትን የሚያበርድ በየሳምንቱ የሚወጉት መርፌ ገበያ ላይ ውሏል ይላሉ። ይምጣ፤ መልካም ነው። ግን መርፌውም ቢላዋውም ገበታችን ድረስ መጥተው አያጎርሱንም፣ አያስጥሉንምም። ያ የእኛ ሥራ ነው።

እኔን ዓምና ሐኪሜ ጨው አስተወኝ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ድግስ ተጠርቼ፣ «ኧረ ጋሼ፣ ለዛሬ ብቻ! በሞቴ!» ሲሉኝ፣ በዚያ ጓሮ ተንበርክካ ያየኋት ልጅ ትዝ አለችኝ። አጉራሹ ወዳጄ ነው፤ ልክ እንደዚያ ቀን እንደ እኔው በፍቅር ነው እጁን የዘረጋው። «የሐኪም ጾም ላይ ነኝ» አልኩት። እጁን መለሰ።

አክስቴ አሁንም በስልክ ስታገኛት ስለ ኪሎዋ አትጠይቃትም። «ጾሙ እንዴት ነው?» ነው የምትላት። አንዳንዴ «ጸናሁ እማ» ትላለች፤ አንዳንዴ ደግሞ «ትናንት ገደፍኩ» ትላለች። ያኔ አክስቴ «ይሁን፤ ነገ ደግሞ ቀን ነው» ብላ ስለ ዝናቡ ማውራት ትጀምራለች።