ካራ ላይ ዘንባባ? ... ለምን አይሆንም!

ከመገናኛ ታክሲ ይዛችሁ፣ ኮተቤን አልፋችሁ ካራ ስትወርዱ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ የእንጦጦ ብርድ ነው። ቀና ስትሉ ደግሞ ባሕር ዛፍ! «እዚህ ቁር ላይ ዘንባባ ማን ይተክላል?» የሚል አይጠፋም። ቆላ የሚወደው ቴምሩ ነው። ለሆሳዕና ቀለበት የምንሠራበት ዘንባባ ግን ደጋውንም የሚችል ያገራችን ዛፍ ነው።

አበቃቀሉ ቀላል ነው። የበሰለውን ፍሬ ላጡና ዘሩን እጠቡ፤ ሁለት ቀን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉት፤ ከዚያ አሸዋና ፍግ በተቀላቀለበት አፈር ብዙ ሳታጠልቁ ቅበሩት። ፀሐይ የሚያገኘው፣ ነፋስ የማይመታው ጥግ ይሁን። ለመብቀል ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል፤ ብርድ ሲበረታ ከዚያም በላይ። የመጀመሪያዋ ቅጠል ቁርጥ ሣር ናት! አረም መስሏችሁ እንዳትነቅሏት።

«እኛ ተከራይ ነን፤ ግቢው የሰው ነው» ትሉ ይሆናል። ታዲያ የዘይት ጣሳ ምን ሊሠራ? ሥሩ ወደ ታች ስለሚሮጥ ጠለቅ ያለውን ምረጡና ከታች ብሱት። አከራይ ዋጋ ጨመረ? ጣሳችሁን ታቅፋችሁ ወደሚቀጥለው ቤት! ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ደርሶ ይቆረጣል፤ ዘንባባ ግን አይቸኩልም። የራሳችሁ ደጃፍ እስኪገኝ አብሯችሁ ይጠብቃል።