የጻፍሁት ወረቀት

አንባቢ ሆይ! ፊደል በመቍጠርህ ብቻ ዘመድ ወይም ጎረቤት «እባክህ ይህችን ውል ጻፍልን» ብሎህ ያውቃልን? ብሎህ እንደ ሆነ በእኔ የደረሰውን ስማ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ቦንጋ በጸሐፊነት እንደ ተቀጠርሁ፥ ዋጫ የምትኖረው አክስቴ አስጠራችኝ። ለባሏ ማሳከሚያ ከአንድ ነጋዴ 60,000 ብር ስትበደር ቤቷን በመያዣነት ልትሰጥ ነበር። ነጋዴው ቃሉን ነገረኝ፤ እኔም ጻፍሁ። «እስከ መስከረም 30 ቀን ባልከፍል ቤቴ የአበዳሪዬ ይሁን» የሚለውን ሳሰፍር በጽሕፈቴ ማማር እኮራ ነበር። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፥ አክስቴ ሳትከራከር ፈረመች። በከፋ ምድር ቡና ተለቅሞ ገንዘብ የሚሆነው ከጥቅምት ወዲያ መሆኑን፥ ቀኑንም የመረጠው አበዳሪው መሆኑን ልብ አላልሁም።

መስከረም አለቀ። ነገሩ ቢያስጨንቀኝ በመሥሪያ ቤታችን ለነበሩ አንድ ሕግ ዐዋቂ ሽማግሌ አጫወትኋቸው። እርሳቸውም በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ገልጠው ቍጥር 3060ን አሳዩኝ። የመክፈያው ቀን ሳይደርስ «ባልከፍል ንብረቱን ውሰድ» ተብሎ የተጻፈ ቃል አይጸናም። አበዳሪው መብቱ ቤቱን በሕግ ሥርዐት አሽጦ ገንዘቡን መውሰድ ነው፤ ትርፉ የባለዕዳው ነው። እስኪሸጥም ድረስ ዕዳውን የከፈለ ቤቱን ያድናል። «አባቶቻችንም በወለድ አገድ መሬት ሲያሲዙ» አሉኝ፤ «አበዳሪው በወለዱ ፈንታ ፍሬውን ይበላል እንጂ፥ ባለቤቱ ዕዳውን ባመጣ ቀን መሬቱን ይመልስ ነበር።»

ወደ ዋጫ ገሠገሥሁ። አክስቴ ምጣዷንና ጀበናዋን ጠቅልላ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«አንተው አይደለህ የጻፍኸው? እኔ ቃሌን አላጥፍም» አለችኝ።

የሰማሁትን ሳስረዳት ነጋዴው ሌላ ወረቀት ይዞ መጣ። «ዕዳዬን መክፈል ስላልቻልሁ ቤቴን በፈቃዴ ለአበዳሪዬ አስተላልፌአለሁ» ይላል። አንባቢ ሆይ! አደጋው እዚህ ላይ ነው። ያው ሕግ፥ ቀኑ ካለፈ በኋላ ባለዕዳው ወዶ ንብረቱን ቢያስተላልፍ አይከለክልም። የመጀመሪያው ፊርማ የችግር ነበርና ሕግ ጠበቃት፤ ሁለተኛውን ብትፈርም ግን ጥበቃውን በገዛ እጇ መተዋ ነው።

አክስቴ ብዕሩን እንደ ያዘች ዐይን ዐይኔን አየችኝ።

«እቴቴ፥ ይህን ከፈረምሽ መመለሻ የለውም፤ ካልፈረምሽ ግን ቡናው እየቀላ ነው» አልኋት።

ብዕሩን አስቀመጠች። ነጋዴው እያጕረመረመ ሄደ። አላማውም፤ ገንዘቡ ነውና። ኅዳር ሲያልቅ ቡናዋን ሸጣ ከነወለዱ ከፈለችው፤ ደረሰኝም ተቀበለች።

ከባንክ ስትበደር ግን ሕጉ ሌላ መሆኑን ዕወቅ። በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 97 መሠረት፥ ባንክ አስቀድሞ በውል ከተስማማ፥ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ራሱ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ስለዚህ እነዚያን 30 ቀኖች በከንቱ አታሳልፋቸው።

እንግዲህ ውል ጻፍ ሲሉህ፥ ምን እንደምትጽፍ ብቻ ሳይሆን የመክፈያው ቀን መቼ እንደሚውል ጠይቅ። አክስቴ ዛሬም እንግዳ በመጣ ቍጥር ወደ እኔ እያመለከተች፥ «የዚህ ልጅ ጽሕፈት እንዴት ያምራል መሰላችሁ! ቤት ያስወስዳል» ትላለች።