እኅቴና ዲግሪዋ

ታናሽ እኅቴ በዓለም አቀፍ ግንኙነት ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትቀበል እናታችን «አምባሳደሯ» ትላት ጀመር። እርሷም ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በቀር ሌላ በር አልታይ አላት። ዓመት አለፈ። ጋምቤላ ከስደተኞች ጋር የሚሠራ አንድ የተራድኦ ድርጅት ሲቀበላት ግን «ሴት ልጅ ብቻዋን ጠረፍ?» ብዬ ያስቀረኋት እኔው ነኝ። ዛሬ ይቆጨኛል።

ይህ ትምህርት የሚያሠራው በኤምባሲ ብቻ አይደለም፤ በአፍሪካ ኅብረት፣ በጥናት ተቋም፣ በዜና ክፍልም ጭምር ነው። ወይዘሮ ሣህለወርቅ ዘውዴ የተማሩት የተፈጥሮ ሳይንስ ነበር፤ ሆኖም በሴኔጋል፣ በጅቡቲና በፈረንሳይ በአምባሳደርነት ሠርተው፣ በ2011 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ልጆቻችንን ካስተማርን መንገዱን አንዝጋባቸው። እኅቴ ሰሞኑን እንደገና ለጋምቤላ አመልክታለች። አሁን ሻንጣዋን የማሰናዳላት እኔ ነኝ።