የቴሌቪዥኑ ቁልፍ

«በእኛ ጊዜ ቤተሰብ አንድ ላይ ተሰብስቦ ነበር ቴሌቪዥን የሚያየው» የማይል እኩያዬ ወላጅ እስካሁን አላጋጠመኝም። ማኅበር ላይ ይባላል፣ ለቅሶ ቤት ይባላል፣ ልጆች ለመውሰድ ትምህርት ቤት በር ላይ ስንቆም ይባላል። ሁላችንም ራሳችንን እየነቀነቅን እንስማማለን፤ አብዛኞቻችን በዚያው ስልካችንን እየነካካን። እኔም እላለሁ። ውሸትም አይደለም፣ አብረን እናይ ነበር። ምን እንደምናይና በማን ፈቃድ እንደምናይ ግን ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም።

እኛ ቤት ቴሌቪዥን የገባው ዶሮ ማነቂያ ስንኖር ነው። ሰፈሩ በ2016 ፈርሶ ዛሬ ለልጆቼ ላሳያቸው ብል የማሳያቸው ደጃፍ የለኝም። ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ፣ አራት እግር ያለው፣ ከፊቱ በእንጨት በር የሚዘጋ ነበር። በሩ ደግሞ ቁልፍ አለው። ከላዩ እናቴ የሠራችው ዳንቴል፣ ከዳንቴሉ በላይ የፕላስቲክ አበባ። ቁልፉ የሚያድረው ጋሼ ኮት ኪስ ውስጥ ነው። አባታችንን ጋሼ ነበር የምንላቸው። ጋሼ ከሥራ እስኪመለሱ ድረስ ቴሌቪዥኑ ከቁም ሳጥኑ የሚለየው አቧራው ቶሎ ቶሎ በመጠረጉ ብቻ ነው።

ሲመጡ የግቢው ልጆች ጫማቸውን በር ላይ እያወለቁ ይገባሉ። ሶፋው የትልቅ ሰው፣ ወለሉ የእኛ። አንዱ ወንድ ልጅ ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ አንቴናውን ያዞራል። ከላይ «አሁንስ?» ይላል፤ ከታች «ትንሽ መልሰው! ኧረ አሳለፍከው!» እንላለን። ያ ምስኪን ወርዶ እስኪገባ ነፋሱ የለፋበትን ያበላሽበታል። ጣቢያው አንድ ስለሆነ ምን እንይ የሚል ክርክር አልነበረም። ክርክር ቢኖር ይከፈት ወይስ አይከፈት የሚለው ነው፣ እሱም ከኮቱ ኪስ ጋር የተያያዘ ጉዳይ ነው።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ዜና ሲጀምር ጋሼ አንድ ጣታቸውን ያነሳሉ። በቃ። ሳል የያዘው ልጅ ወጥቶ ይሳል። ስለዚህ ጓደኞቼ «ያኔ ቤተሰብ ያወራ ነበር» ሲሉ የማን ቤት ይሆን እላለሁ። በእኛ ቤት ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ወሬው ይዘጋ ነበር። የምናወራው መብራት ሲጠፋ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁላችንም ደስ ይለን እንደነበር ማንም አያነሳውም።

ከዚያ ሳጥን ውስጥ የእኛ የሚባለው አባባ ተስፋዬ ብቻ ነበሩ። ተስፋዬ ሳህሉ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከተጀመረበት ከ1957 አንስቶ ለ42 ዓመት ያህል ለልጆች ተረት ነግረዋል፤ ታላላቆቻችንን በልጅነታቸው ያጫወቱ፣ እኛን ያሳደጉ፣ ከእኛም በኋላ የመጡትን የተቀበሉ ሰው ናቸው። የጅቡን ድምፅ በጅብ፣ የጦጣዋን በጦጣ ያወጡታል። በማግስቱ ትምህርት ቤት ተረቱን የማያውቅ ልጅ የለም። ቴሌቪዥን የሌላቸው እንኳ ካየው ልጅ አፍ ሰምተው፣ ትንሽ ጨምረውበት፣ ከእኛ አሳምረው ይናገሩታል። ይህን በቅንነት እናፍቀዋለሁ። ትንሹ ልጄ ማታ ያየውን ጠዋት የሚያጫውተው የክፍል ጓደኛ የለውም፤ ሠላሳ ልጅ ሠላሳ ነገር አይቶ ነው የሚመጣው።

ሌላም የምናፍቀው ቀን አለ። ታኅሣሥ 1980 ኢትዮጵያ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ በአዲስ አበባ ስትወስድ፣ የስፖርት ጋዜጠኛው ደምሴ ዳምጤ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኾ፣ ግቢው በሙሉ ወጥቶ፣ ጋሼ ከጎረቤታችን ጋር ተቃቅፈው ዘለሉ። ከጎረቤታችን ጋር በአጥር ተጣልተው ነበር። የአጥሩ ጉዳይ በማግስቱ ተመልሶ ተነሳ፤ ያን ማታ ግን አልነበረም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ቀለም ያለው ሥርጭት የመጣው በ1977 መስከረም፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር ነው። የእኛ ቴሌቪዥን ቀለሙን ባያወጣውም ሰልፉን አይተናል፤ ባንዲራውን፣ ችቦውን፣ ሠራዊቱን፣ አንድ ላይ ቁጭ ብለን፣ ጋሼ ጣታቸውን አንስተው። በዚያው ወር ወሎና ትግራይ ውስጥ ሰው በረሃብ ይረግፍ ነበር፤ በዓሉ እስኪያልፍ ድረስ ያች ሳጥን ስለዚያ ጎላ አድርጋ አልነገረችንም። በጥቅምት የቢቢሲው ማይክል ቡርክ ኮረም ሄዶ ያነሳውን ዓለም አየ። በጥር የአሜሪካ ዘፋኞች ተሰብስበው «ዊ አር ዘ ወርልድ»ን ቀዱ። እኛ ዘፈኑን ካሴት ላይ እያቆምን፣ በእስክርቢቶ እያጠነጠንን፣ ቃሉን በግዕዝ ፊደል ደብተራችን ላይ ገለበጥነው። ለማን እንደተዘፈነ ያስረዳችን ጎረቤታችን የነበረች የነርስ ተማሪ ናት። የአገራችንን ነገር ከሎስ አንጀለስ ዞሮ ሲመጣ ሰማነው ማለት ነው። አብሮ ማየት ጥሩ ነው፤ አብሮ አለማየትም እንዲሁ በአንድ ሶፋ ላይ የሚሆን ነገር ነው።

እናቴ በዚህ ሁሉ ውስጥ ወጥ ቤት ነበረች። ለዜና አትመጣም፣ ለሙዚቃ ግን እጇን በሽርጧ እየጠረገች በሩ ላይ ትቆማለች። እሷም የራሷ ዘመን ነበራት። ፒያሳ ፎቶ ቤት የተነሳችው አንድ ፎቶ አለ፤ ታይፒስት በነበረች ጊዜ፣ ጸጉሯ አፍሮ፣ ሚኒዋ ከጉልበቷ ስንዝር ከፍ ያለ፣ አገጯን በእጇ ደግፋ። ያኔ ሚኒ ቀልድ አልነበረም። በመጋቢት 1960 ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ትርኢት ሲዘጋጅ ሰልፍ ወጥተው ታዳሚዎቹን የሰደቡትና የጎነተሉት ሽማግሌዎች ወይም ቄሶች እንዳይመስሏችሁ። ተማሪዎቹ ናቸው፤ መሬት ላራሹ ያሉት፣ ተራማጆቹ። ሚኒ የባዕድ ባህል ነው፣ እህቶቻችንን አበላሸብን ነበር አቤቱታው። ይህን የማነሳው ተራማጆችን ለማሳጣት አይደለም፤ ስለ ሴት ልጅ ቀሚስ ሲሆን ወግ አጥባቂ ለመሆን ሽበት እንደማያስፈልግ ለማስታወስ ያህል ነው። ያችው ባለ ሚኒ እናቴ እኔ ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ጂንስ ስለብስ «ምነው፣ የሚለብሱት ያጡ ይመስል!» ብላ መርፌና ክር ይዛ ተከትላኝ ነበር። ሰፍታዋለችም፤ ተኝቼ ሳለ።

አሁን የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ድሮ የጎረቤት ቴሌቪዥን በመስኮት ይታይ ነበር፣ አሁን በግድግዳ ይሰማል። ሁለት ልጆች አሉኝ። እኛ «እማዬ» እንል ነበር፣ እኔ «ማሚ» ነኝ። ትልቋ በሕፃንነቷ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን እያየች ነው ያደገችው። ከ1999 ጀምሮ አስተማሪዋ ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ በአሻንጉሊት ቀጭኔ እጅ መታጠብ፣ ፊደል መቁጠር ያስተማሩበት ዝግጅት ነው። ፀሐይ ካልታጠበች እሷም አትታጠብም፣ ከታጠበች ትታጠባለች፤ እንደዚያ ዘመን የተመቸ የልጅ ማሳደጊያ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም። ትንሹ ግን በዩቲዩብ ነው አፉን የፈታው። ሽሮ ሲቀርብለት በአሜሪካ ለዛ «ኖ ታንክ ዩ» ይላል። ትሕትናው ደስ ይላል፣ ምግቡ ግን ይቀራል። የስልኬን የይለፍ ቃል ከእኔ በፊት ያስታውሳል። የትልቋን ስልክ የይለፍ ቃል ደግሞ እኔ አላውቅም። ጋሼ ይህን ቢሰሙ ኮታቸውን ይዳብሳሉ።

ባለቤቴ ቲክቶክ አይወድም። በተለይ ሻሽ አስረው፣ ነጠላ ደርበው፣ እናት ሆነው የሚቀልዱትን ወንዶች ልጆች ሲያይ ይንገፈገፋል። አንድ ቀን «በአባባ ተስፋዬ ጊዜ እንዲህ ያለ ነውር ነበር?» አለ። ነበር እንጂ! ተስፋዬ ሳህሉ ቴሌቪዥን ላይ አባባ ከመሆናቸው በፊት ተዋናይ ነበሩ። ሴት መድረክ ላይ መውጣት በማትደፍርበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው ቀሚስ ለብሰው ይጫወቱ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ባለቤቴ ትንሽ ዝም ብሎ «የእሳቸው ጥበብ ነው» አለኝ። ሐምሌ 2009 ሲያርፉ አልቅሶ ነበር፤ ስለዚህ አልተከራከርኩትም።

ትልቋን ልጄን ደግሞ ኮሪያ ወሰደችብኝ። ድራማውን በጽሑፍ ትርጉም ታያለች፣ ከዘፋኞቹ የማታውቀው የለም፣ ኑድል ስትበላ በቀጫጭን እንጨት ነው። ለምን በእኛ ቋንቋ የሚሠራውን አታይም ብዬ ስጀምር ዓይኗን ወደ ሳሎኑ ቴሌቪዥን ትልካለች። እዚያ የኢስታንቡል ሰዎች በአማርኛ ይላቀሳሉ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ከተከፈተ ወዲህ ከቱርኮች ጋር ያለኝን ጉዳይ አውቃለሁ። ያኔ የአገር ውስጥ የጥበብ ሰዎች ገበያችን ተወሰደ ብለው አቤት ሲሉ በሐሳብ ከጎናቸው ነበርኩ። በሐሳብ ስል ማታ ማታ አይጨምርም። እናቴም ብትሆን በወጣትነቷ ሲኒማ ገብታ፣ አንድ ቃል ሳይገባት፣ የሕንድ ፊልም ላይ መሐረቧን አርሳ የምትመለስ ሰው ነበረች። እሷ ያለ ትርጉም አለቀሰች፣ እኔ ተተርጉሞልኝ አለቅሳለሁ፣ ልጄ እያነበበች ታለቅሳለች። ቢያንስ ንባብ አለበት።

ስለ ኮሪያ ግን አንድ ቀን ልጄ መጥታ «ማሚ፣ ኢትዮጵያ ኮሪያ ዘምታ እንደነበር ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ኮሪያውያን ቪዲዮዎች ሥር «ኢትዮጵያን እናመሰግናለን» እያሉ ሲጽፉ አይታ ገርሟት ፈልጋ አነበበች። ከ1943 ጀምሮ ከስድስት ሺህ በላይ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ባሕር ተሻግረው መዋጋታቸውን፣ አንድም ሰው አለመማረካቸውን፣ አፍንጮ በር ሐውልት መኖሩን ሁሉ ነገረችኝ። በዚያ ሐውልት አጠገብ በታክሲ ስንትና ስንት ጊዜ ይዣት አልፌያለሁ። አባባ ተስፋዬም ወታደሮቹን ለማዝናናት ኮሪያ ድረስ ሄደው እንደነበር እኔ ጨመርኩላት፤ ከእኔ የሰማችው አዲስ ነገር ያ ብቻ ሆነ። የአገራችን ወሬ ዛሬም ዞሮ ነው የሚመጣው፤ ልዩነቱ፣ እሷ ስትፈልገው በሩ አልተቆለፈም።

አንዳንዴ እጠረጥራለሁ፤ እኔና እኩዮቼ የምናዝነው አንድ ላይ ማየቱ ስለቀረ አይመስለኝም። ጋሼ ወንበር ላይ የምንቀመጥበት ተራችን ሲደርስ ቁልፍ የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው ያናደደን። ወለል ላይ ቁጭ ብለን ዕድሜያችንን ጠበቅን፤ ሶፋው ላይ ስንወጣ ሁሉም የየራሱን ይዞ ወደ የክፍሉ ሄደ። ጣት ባነሳም ማን ያየኛል?

ባለፈው ፋሲካ ልጄ የአያቷን አልበም ስታገላብጥ ያንን የሚኒ ፎቶ አገኘችና ፈቃድ ጠይቃ ቲክቶክ ላይ ለጠፈችው። ማታውን ኮመንት ጎረፈ። እናቴ መነጽሯን ስላላገኘች እኔ ነበርኩ የማነብላት። «የድሮ ሴቶች ውበታቸው» ይላል አንዱ። «ጨዋነት ማለት ይህ ነው፣ የዘመኑ ሴቶች ተማሩ» ይላል ሌላው፤ ከስሙ ጎን ያለው ፎቶ የሃያ ዓመት ልጅ ይመስላል። «ያኔ ሴት ልጅ ቤተሰቧን ታከብር ነበር» ይላል ሦስተኛው፣ ከሦስት የሚጸልዩ እጆች ጋር።

እናቴ ትንፋሽ እስኪያጥራት ድረስ ሳቀች። ከዚያ ለልጄ «ጻፊላቸው» አለቻት። «አባቴ ይህን ልብስ አይቶ ለሁለት ሳምንት አላነጋገረኝም በያቸው። ሁለተኛ ደግሞ ለዚሁ ጨዋነት አንድ ቀን አራት ኪሎ ላይ በድንጋይ ሊሉኝ ነበር በይ።»

ልጄ ጻፈችው። መልሱ ከፎቶው የበለጠ ላይክ አገኘ። እናቴ ዛሬ ጠዋት ደውላ ያ አጭሩ፣ ነጠብጣቡ ቀሚስ ያለበት ፎቶ እኔ ጋ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እየፈለግኩላት ነው።