የጓሯችን ግድግዳና ወጨጫ

የአሥር ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት የቤት ሥራ ይዞ መጣ። “በአካባቢያችሁ ያለውን ተፈጥሮ ሥላችሁ አምጡ” ይላል። ለማስረከብ ሦስት ሳምንት ቢሰጠውም እሱ ግን ያኔውኑ ጀመረ። እራት እስኪደርስ ጎንበስ ብሎ ሲቀባ ቆየና ደብተሩን ዘረጋልኝ። ሰማያዊ ባሕር፣ አሸዋ፣ ሁለት የዘንባባ ዛፍ፣ ከኋላ ደግሞ ጫፉ በረዶ የለበሰ ተራራ። ሥዕሉ ያምራል። ነገር ግን የምንኖረው ኮልፌ ቀራንዮ ነው። ልጄ ባሕር አይቶ አያውቅም፤ እኔም ብሆን ያየሁት በቴሌቪዥን ነው።

“ይሄ የት ያለ አካባቢ ነው?” አልኩት።

“እዚህ ምን ተፈጥሮ አለ?” አለኝ፣ በመስኮቱ የጎረቤታችንን ፎቅ እያሳየኝ።

እናቴ ከተቀመጡበት ቀና አሉ። እናቴን እኔም ልጄም “እቴቴ” ነው የምንላቸው። “ወጨጫን ማን ወሰደው?” ብለው ጠየቁት። ልጄ ወጨጫ ማን እንደሆነ አያውቅም ነበር።

እውነት ለመናገር በልጁ መፍረድ አልቻልኩም። እኔ በሱ ዕድሜ ሳለሁ ከጓሯችን ቆሜ ወደ ምዕራብ ስመለከት ተራራው ሙሉውን ይታየኝ ነበር። ዛሬ ፎቅና የፎቅ ጅምር ከልሎታል። እኛም ከከላዮቹ ልንቀላቀል ተቃርበን ነበር። ከጓሯችን አባቴ የሠሩት ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት አለ። ጣሪያው ያፈስሳል፣ አንዱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ባለቤቴና እኔ ክረምቱ ሲወጣ ልናፈርሰውና በብሎኬት የሚከራዩ ክፍሎች ልንሠራበት ተስማምተናል። የትምህርት ቤት ክፍያ በየዓመቱ ይጨምራል፤ የኪራዩ ገንዘብ ያስፈልገናል። ለእቴቴ ስንነግራቸው “እናንተ ያላችሁት ይሁን” ብለው ዝም አሉ። እኔም ዝምታቸውን እንደ ስምምነት ቆጠርኩት።

የጥቅምት የመጀመሪያው ቅዳሜ ማለዳ ልጄን ይዤ ወጣሁ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። በቀራንዮ መድኃኔዓለም በኩል አልፈን፣ ፎቅ ያልቆመበት ከፍ ያለ ቦታ እስክናገኝ ተጓዝን። ወጨጫ ከነትከሻው ብቅ አለ። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,300 ሜትር በላይ የሚቆም፣ ከብዙ ዘመን በፊት የበረደ እሳተ ገሞራ ነው። በጎኑ ላይ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። የደኑ ጽድ በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር እንደተተከለ ይነገራል። ይህን ስነግረው ልጄ “በረዶ ግን የለውም” አለ፣ ቅር ብሎት። “የለውም፤ ግን የኛ ነው” አልኩት።

ስልኬን ሰጠሁትና የፈለገውን ፎቶ እንዲያነሳ ተውኩት። ማታ ስናየው ገረመኝ። ተራራውን ያነሳው አንዴ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ እኔ በየቀኑ እያለፍኩ የማላየው ነገር ነበር። በቦዩ ዳር የቀሩ የአደይ አበቦች፣ በአጥር ሥር የተላጠ የባሕር ዛፍ ቅርፊት፣ ከቧንቧ ፊት የተሰለፉ ቢጫ ጀሪካኖች። “ጀሪካን ተፈጥሮ ነው እንዴ?” ስለው “ውስጡ ያለው ውኃ ነው” ብሎ መለሰልኝ።

መልሱ አይዳ ሙሉነህን አስታወሰኝ። በ2003 ዓ.ም. አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ፌስቲቫል በከተማችን የጀመረችው እሷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ዳሎል ድረስ ወርዳ፣ በዚያ የጨውና የሙቀት ምድር፣ ውኃ ፍለጋ በሴቶች ላይ የሚያደርሰውን ጫና በፎቶግራፎቿ አሳይታለች። ዳሎል ለኛ ሩቅ ነው። ውኃ የመጠበቅና የመሸከም ነገር ግን ሩቅ አይደለም፤ ልጄ ከበራችን መቶ እርምጃ ሳይርቅ አግኝቶታል።

ስለ አደይ አበባውም አንድ ታሪክ ነገርኩት። አፈወርቅ ተክሌ በአንኮበር ተወልዶ፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ የማዕድን ምሕንድስና እንዲያጠና ወደ እንግሊዝ ተልኮ ነበር። እዚያ ሲደርስ ሐሳቡን ቀይሮ ሥዕል ተማረ። በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍኑትን የመስታወት ሥዕሎች የሠራው እሱ ነው። የውጭውን ዓለም በደንብ አይቶ የመጣ ሰው ነው። ሆኖም ከታወቁት ሥራዎቹ አንዱን “የመስቀል አበባ” ብሎ ሰየመው። በየዓመቱ መስከረም ላይ ማንም ሳይዘራት የምትበቅለውን አበባ ማለት ነው። ልጄ ፎቶውን እንደገና አወጣና አጎላው። “በሚቀጥለው ዓመት ቶሎ እናንሳት፤ አሁን ጠውልጋለች” አለኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እቴቴንም ይዘን ከአየር ጤና በሚኒባስ ታክሲ ወደ መካኒሳ ሄድን። ዞማ ሙዚየም ከሰፈራችን ብዙም አይርቅም። በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ የከፈቱት የሥነ ጥበብ ባለሙያዋና አንትሮፖሎጂስቷ መስከረም አሰግድና ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ናቸው። ስሙን ያገኘው በወጣትነቱ በካንሰር ካረፈው ሠዓሊ ከዞማ ሽፈራው ነው። ኤልያስ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ነው። ሰው የጣለውን አዝራር፣ ክር፣ የኮምፒዩተርና የስልክ ሽቦ ሰብስቦ የሚሠራቸው ትልልቅ ሥራዎቹ፣ ራቅ ብለው ሲያዩዋቸው ከአውሮፕላን ላይ የሚታይ የእርሻ መሬት ይመስላሉ።

እኔ ልጄን ሥዕል ላሳየው ነበር የሄድኩት። የሆነው ሌላ ነው። ግቢው ውስጥ እንደገባን እቴቴ ከግድግዳው ፊት ቆሙ። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው። በላዩ ላይ በእጅ የተሠሩ ጥምዝ መስመሮች አሉበት። መነጽራቸውን አስተካክለው በመዳፋቸው ዳሰሱት።

“ይህን ጭቃ ያቦካው ሰው አልቸኮለም” አሉ።

ልጄ “እንዴት አወቁ?” አላቸው።

ያስረዱት ጀመር። አፈሩ ሲመረጥ ጠጠሩ ይለቀማል። ከዚያ በውኃ ይቦካና ጭድ ይጨመርበታል። ለብዙ ቀን ይሰነብታል፤ በየቀኑ በእግር ይረገጣል፤ ጭዱ ሲበሰብስ ሽታው ይቀየራል፤ ጭቃውም ሙጫ ይሆናል። ያልሰነበተ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ማገሩ ላይ የሚመታው ምርጊት አንድ ነው፣ ከላይ የሚለሰነው ሌላ። ለልስኑ የጤፍ ጭድ ይሻላል፤ ደቃቅ ስለሆነ ያያይዛል። “የጓሮውን ቤት ስንሠራ ውኃውን ከወንዝ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። እናትህ ሆዴ ውስጥ ነበረች” አሉት።

ይህን ታሪክ በአርባ ሁለት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቴ ነበር። ቤቱን ልናፈርስ ስንስማማም አልጠየቅኋቸውም።

ልጄ አንዴ ወደ እሳቸው፣ አንዴ ወደ እኔ አየና “ታዲያ የኛን ለምን ታፈርሱታላችሁ?” አለ። ለሕፃን የሚሰጥ መልስ አጣሁ። ለአዋቂ የሚሰጠውን ነገርኩት። የሙዚየሙን ግድግዳ የሚጠግነው ሰው አለ፣ የኛ ያፈስሳል፤ እኛ ደግሞ ኪራይ እንፈልጋለን። እቴቴ ጣልቃ አልገቡም። በግቢው አትክልት መካከል እየተዘዋወሩ የሚያውቁትን ቅጠል በየስሙ ለልጁ ማስቆጠር ቀጠሉ።

ማታ ከባለቤቴ ጋር ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ተቀመጥን። ስሌቱ ቀላል አልነበረም። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። ጣሪያው የከፋው ክፍል ይፈርሳል፤ በቦታው የሚከራይ ክፍል ይሠራል። ሁለተኛው ቆርቆሮው ተቀይሮ ይቆያል። የአንድ ክፍል ኪራይ ቀርቶብናል፤ ባለቤቴ ፊቱ ሙሉ በሙሉ አልፈታም፤ እኔም የሚቀጥለው ዓመት ክፍያ ሲመጣ እንደሚከነክነኝ አውቃለሁ። ግን የእቴቴን ዝምታ ዳግመኛ በራሴ ፍላጎት ልተረጉመው አልፈለግኩም።

እናንተም ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ካላችሁ አንድ ማለዳ ይዛችሁት ውጡ። ከክረምት በኋላ ያሉት ወራት ሰማዩ ስለሚጠራ ለዚህ ይመቻሉ። ከኮልፌና ከአየር ጤና ወገን ወጨጫ አለላችሁ፣ ከሰሜን እንጦጦ። ስልካችሁን ስጡት፤ ምን እንደሚያነሳ አትምረጡለት። ሰው ከማንሳቱ በፊት ግን ፈቃድ እንዲጠይቅ አስተምሩት። ሙዚየም ስትሄዱ ደግሞ አያቱን አትተዉአቸው። በግድግዳው ላይ ያለውን የሚያነቡለት እሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ።

ባለፈው እሑድ የጤፍ ጭድ አስመጥተን ጭቃው ተቦክቷል። እቴቴ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዝዛሉ፣ ልጄ ሱሪውን ሰብስቦ ይረግጣል። ወለል ሁሉ በእግሩ ተለቃልቋል። ሥዕሉንም እንደ አዲስ ጀምሯል። በግራ በኩል የጎረቤት ፎቅ፣ ከጀርባው የወጨጫ ግማሽ ብቻ፣ ከፊት የተሰነጠቀው ግድግዳና ባለ ነጠላዋ አሮጊት። ፎቁን ለምን አልተውከውም ስለው “አለ አይደል እንዴ?” አለኝ።

ለግድግዳው የሚሆን ቀለም ከሣጥኑ ውስጥ አጣ። ቡናማውን ሞከረ፣ አልመሰለውም። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ፤ በጣቱ ጭቃ ነክሮ ተመለሰና ወረቀቱ ላይ ለሰነው።